የለማን መኪና ዝም ማሰኘት

ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፮ ቀን ፲፱፻፶፯

ያው ነው፣ ለማ አምና ሲሄድ እኔ ዘንድ የተዋት መኪና ትጮኻለች። ዛሬም ከሥራ መልስ ኮፈኑን ከፍቼ ጭንቅላቴን ሞተሩ ላይ ደፍቼ ቆየሁ። ሞተሩ ሲነሳ ታፏጫለች፣ ቤንዚን ሲሰጧት ታጓራለች፣ የዳገቱስ አይነሳ። ከየካ ሚካኤል እስከ ቀበና ድልድይ ያለው ሰው ሳያያት "የለማ መኪና መጣች" ይላል።

ለማ ሞቷል።

ጻፍኩት።

ሰኞ ዕለት ነው የሰማሁት። ቤንዚን ልቀዳ ቆሜ ሳለሁ ከአሰብ የመጣ የከባድ መኪና ሾፌር መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አያትና፣ "ይህቺ የለማ አይደለችም እንዴ? ነፍሱን ይማር፣ ወባ ነው አሉ፣ እዚያው ወደቡ አጠገብ ቀበርነው" አለኝ። ከዚያ የራሱን ጎማ ሊያይ ሄደ። እኔም ሂሳቤን ከፍዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። የወተት ፋብሪካውን ማቀዝቀዣ ክፍል ሙቀት ለካሁ፣ ዘይት ጨመርኩ፣ ምሳዬን በላሁ። በላሁ እኮ! ከፊደል ቤት ጀምሮ አንድ አግዳሚ ላይ የተቀመጥን ሰዎች ነን፣ እሱ ሞተ ሲሉኝ ምሳዬን በላሁ። ጥርስ ሲነቅሉ በመርፌ ያደነዝዙት የለ? ድዱን ትነካዋለህ፣ የራስህ ግን አይመስልህም። እንደዚያ ነኝ።

ትናንት ባሻ ደምሴ ቤት ተሰበሰብን። ባሻ የለማ እናት የእማማ በለጡ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ነበሩ፣ እኔና ባለቤቴ አስካለም ነበርን። የተባለው ይህ ነው፤ እማማ በለጡ በሚመጣው ሰኞ፣ በኅዳር ማርያም፣ ማኅበር ያወጣሉ። ተራቸው የደረሰው ዘንድሮ ነው፣ ጠላው ተጠምቋል፣ ዳቦው ታስቧል። ባሻ፣ "ማኅበሯን በደስታ ታውጣ። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ እንነግራታለን። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው" አሉ። ሁሉም እሺ አለ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መርዶውን መንገር ያለባቸው ባሻ ናቸው፣ ሌላ የቅርብ ዘመድ የለም። እማማ በለጡ የሚኖሩት እንጦጦ ላይ ነው፣ ባሻ ደግሞ ዳሌያቸው ተሰብሮ ከጠገነ ወዲህ በእግርም በበቅሎም እንጦጦን አይወጡም። ትንንሾቹ የሴይቼንቶ ታክሲዎች በጨለማ ያን ድንጋያማ ዳገት አንሞክርም አሉ። ያለችው የለማ መኪና ናት። እሷ ደግሞ ገና ሽሮ ሜዳ ስትደርስ እላይ ድረስ ትሰማለች። አምና ለማ ለፈቃድ ሲመጣ ጎህ ሲቀድ ነበር በዚህችው መኪና የወጣው። እማማ በለጡ ድምፁን ሰምተው እልል እያሉ መንገድ ድረስ ሮጠው ወጡ። ቀን ስትመጣ እኔ እንደሆንኩ ያውቃሉ፣ ጎህ ሲቀድ ግን ለማ ነው የሚመስላቸው። ማክሰኞም እንደዚያው እልል እያሉ ቢወጡስ? መንገድ ላይ፣ ደጋፊ በሌለበት፣ "ልጄ መጣ" ብለው?

ባሻ ወደ እኔ ዞሩ። "ግዛው፣ እስከ ማክሰኞ ዝም አሰኛት።"

እሺ አልኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፯

የሞከርኩት፦

ረጅሙን ካቻቢቴ ጫፉን ጀነሬተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ጤነኛ ነው።

የውሃ ፓምፑ ላይ አደረግኩት። ትንሽ ይሰማል፣ ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ነው።

የአየር ማቀዝቀዣው ኮምፕሬሰር ላይ አደረግኩት። ጆሮዬን ልትነቅለው!

እሱው ነው፤ ጠርጥሬም ነበር። እንዲህ ያለ ማቀዝቀዣ ያላት መኪና በዚህ ሰፈር ሌላ የለችም። ለማ አሰብ ላይ አንድ አገሩ የሚገባ ፈረንጅ የሸጠለት አሮጌ የአሜሪካ መኪና ናት። አሰብ ላይ ማቀዝቀዣ ነፍስ ነው ይላል። እዚህ ምን ያደርጋል? እንጦጦ ጅቡ ራሱ ጋቢ የሚፈልግበት አገር ነው። አንድ ጊዜ በሐምሌ ሊያሳየን ብሎ ከፈተውና ባሻ ሳምንት ሙሉ ሲያስነጥሱ ከረሙ።

ቀጥዬ ማቀዝቀዣውን አጥፍቼም አብርቼም አዳመጥኩ። ጩኸቱ ያው ነው፣ አይጨምርም አይቀንስም። ደስ አለኝ ልበል? ደስ እንኳ አላለኝም፣ ግን ገባኝ። ችግሩ ውስጡ ቢሆን ኖሮ ሲበራ ይብስበት ነበር። ቺንጋው፣ ያ የጎማ ቀበቶ፣ የሚዞርባት ክብ ፑሌጃ ግን ማቀዝቀዣው ጠፍቶም ሁልጊዜ ትዞራለች። ቺንጋውን ፈትቼ ፑሌጃዋን በእጄ አዞርኳት። ክርር፣ ክርር። ውስጧ ያለው ኩሽኔታ አልቋል።

አስካለ፣ "ታዲያ ቺንጋውን ጥለኸው አትሄድም?" አለችኝ። ብልህ ናት፣ ግን አይሆንም። ያው ቺንጋ የውሃውን ፓምፕም ያዞራል። ያለሱ ሞተሩ ሽሮ ሜዳ ሳይደርስ ይፈላል። ኮምፕሬሰሩን የሚዘል አጭር ቺንጋ እንዳይገዛ ደግሞ በልኩ የለም፣ ጠይቄያለሁ።

ባሻ ሰው ልከው "ሞራ ቀባው፣ ድሮ የጋሪ ጎማ የሚጮኸው በሞራ ነበር ዝም የሚለው" አሉኝ። የታላቅ ቃል ነው ብዬ ቀባሁት። እግዜር ያሳያችሁ! ቺንጋው ሲግል ሞራው መጥበስ ጀመረ። ጾም ገና መግባቱ፣ ሰፈሩ በሙሉ ጮማ ጮማ ሸተተ። አንዷ ጎረቤት በአጥር ላይ ብቅ ብላ፣ "በነቢያት ጾም! ምነው ግዛው፣ ምነው አንተን የመሰለ ሰው!" አለችኝ። ሌላው "እኛንም አትጠሩንም?" ብሎ አለፈ። አስካለ በኀፍረት ቤት ገባች። መኪናዋ ግን ጩኸቷን አልተወችም።

ለማ ቢኖር በሳቅ ይሞት ነበር። "ይሞት ነበር" ብዬ ጻፍኩ። ልሰርዘው ብዬ ተውኩት።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አምና ሲሄድ እናቱ ፊት ቆሞ፣ "ዕቃውን ከወደብ እየፈለግኩላት ነው። ስመጣ አብረን እንከፍታታለን። እስከዚያ ንዳት፣ ሞተሯን ግን ብቻህን እንዳትነካ፣ ቃል ግባ" አለኝ። ቃል ገባሁ። እማማ በለጡም ሳቁብን። "ሁለት ዶሮ ጠባቂ ይመስል ከዚች ብረት ሥር አትጠፉም" አሉን።

ዛሬ ግን ነካኋት። ምንም አልመሰለኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር ፲፰

ለአለቃዬ ሆዴን አሞኛል ብዬ ከሥራ ቀረሁ። ሞት ነው ልለው ነበር። "ምንህ ነው?" ቢለኝስ? ጓደኛዬ ቢሉ ማን ፈቃድ ይሰጣል? ስለዚህ ሆዴን አልኩ።

ጠዋት ፑሌጃዋን ለማውጣት ታገልኩ። የመሀሉ ቡሎን ዝጓል። ናፍጣ አፈሰስኩበት፣ ጠበቅኩ፣ መታሁት፣ ሰደብኩት። ለስድቡ ንስሐ እገባለሁ። በመጨረሻ እጄን ልጦኝ ወጣ። ደም ሲፈሰኝ አየሁ እንጂ አልተሰማኝም። አስካለ ናት "እጅህ! እጅህ!" ብላ ያሰረችልኝ። ኩሽኔታው ሲወጣ ውስጡ ያሉት ድቡልቡል የብረት ጥይቶች እንደ በቆሎ ፍሬ ተበተኑ፤ ግማሾቹ ተበልተዋል።

ይዤው ፒያሳ ወረድኩ። ያልገባሁበት የመለዋወጫ ሱቅ የለም። አንዱ አገላብጦ አየውና "ከውጭ ይመጣል" አለኝ።

"መቼ?"

"ከፋሲካ በኋላ።"

"ማክሰኞ ነው የምፈልገው።"

ሳቀብኝ። እኔም አብሬው የሳቅኩ ይመስለኛል፣ አፌ ተከፍቶ ነበር።

ስመለስ የእማማ በለጡ ጎረቤት ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ስትወርድ ደጃፌ ላይ አረፍ ብላ አገኘኋት። መልእክት አላት። "እማማ በለጡ ሰኞ እንዳትቀር ብለውሃል። ከለማ ወሬ ካለም ላክልኝ ብለዋል፣ ሰሞኑን በህልማቸው ያዩታል።"

"ደህና ነው በያቸው" አልኳት።

ደህና ነው! አፌ እንዴት እሺ አለኝ? ውሃ ሰጠኋት፣ ጠጣች፣ እንጨቷን አሸከምኳት፣ ሄደች። ከዚያ የበረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ላልቅስ ብዬ ሞከርኩ። የለማን ፊት አሰብኩ፣ ሳቁን አሰብኩ፣ አሰብ ላይ ሲያተኩሰው ማን ውሃ ሰጠው ብዬም አሰብኩ። ምንም የለም። ዓይኔ ደረቅ ነው። አስካለ ወጥታ "ምን ሆነህ ነው?" አለችኝ። "ኩሽኔታ አጣሁ" አልኳት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፲፱፣ ገብርኤል

ቅዳሜ ቅዳሜ የእማማ በለጡን ዱቄት ከወፍጮ ቤት ወስጄ የማደርስላቸው እኔ ነኝ። ለማ አደራ ያለኝ ነው። ዛሬ መኪናዋ ተፈታታለች። ወፍጮ ቤት ግን ሄድኩ፣ ወደ ወሰን ሰፈር በእግሬ።

የወፍጮው ባለቤት ኦቦ ቱፋ ናቸው። ለማን ከልጅነቱ ያውቁታል፣ እህል ሲያስፈጭ ከረጢቱ ላይ እንቅልፍ ይወስደው ነበር ይላሉ። "መኪናዋስ?" አሉኝ። ውሸት ሰልችቶኝ ነበር፣ ጆሯቸው ላይ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ያ ዋቃ፣ አምላኬ! ያ ለማ?" አሉና ዱቄት ከረጢት ላይ ተቀመጡ። ያን የሚያህል ሰውዬ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። ባለቤታቸው ከጓዳ በኦሮምኛ ምን ሆንክ ብላ ስትጠይቅ "ዱቄት ዓይኔ ገባ" ብለው መለሱላት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ አየኋቸው። ቀናሁባቸው፣ እውነቴን ነው። እንደሳቸው ማልቀስ የሚችል ሰው ምን ይፈልጋል?

ዓይናቸውን ጠርገው የተበላሸውን ኩሽኔታ ከእጄ ተቀበሉ። በጣታቸው ለኩት። ከዚያ የሚሠራውን ሁለተኛውን ወፍጮ አቆሙት! ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ጮኹ። "ምን ሆኑ? ጾም ነው እንጂ ረሃብ ነው ያለው ማን ነው?" አለች አንዷ። ኦቦ ቱፋ "ወፍጮው ታሟል፣ በአንዱ ተሰለፉ" አሏቸውና ኩሽኔታውን ከሞተሩ ነቅለው ሰጡኝ።

የውጭው ልክ አንድ ነው! የመሀሉ ቀዳዳ ግን ሰፋ ይላል። ችግር የለም፣ መሀሉ ላይ የሚገባ የነሐስ ቀለበት ከተሠራለት ይገጥማል። ኦቦ ቱፋን አመሰገንኳቸው። "አታመስግነኝ፣ በለጡ ሳትሰማ ውጡ" አሉኝ።

ዱቄቱን የኦቦ ቱፋ ሠራተኛ በአህያ ይዞ ወጣ። "ግዛው ለምን አልመጣም ካሉህ መኪናዋ እየተሠራች ነው በላቸው" አልኩት። ለአንዴ እንኳ ውሸት ያልሆነ ነገር ተናገርኩ ብዬ ትንሽ ቀለለኝ።

ከሰዓት ፋብሪካ ሄጄ ብረት መቁረጫው ቶርኖ ላይ የሚሠራውን ጓደኛዬን ለመንኩት። የነሐሱን ቀለበት አወጣልኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፣ ሆዴ ተሽሎኝ እንደሆነ ብቻ ጠየቀኝ።

እሑድ፣ ኅዳር ፳

ከቅዳሴ ስንወጣ የንስሐ አባቴን አማከርኳቸው። እሑድ ሥራ ነውር ነው። ነገሩን ስነግራቸው፣ "ለመርዶ ከሆነ ለቀብር ጉድጓድ እንደመቆፈር ነው፣ ሂድና ሥራ" አሉኝ። ለቀብር! የሳቸውም ምሳሌ።

ቀለበቱ ገባ። ኩሽኔታው ገባ። ግራሶ ሞላሁት። ፑሌጃዋን መለስኩ፣ በእጄ አዞርኳት። ዝም። በጣቴ ብቻ እየነካሁ አዞርኳት፣ ዝም! ቺንጋውን አጠበቅኩ፣ ሞተሩን አስነሳሁ።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ያን ጊዜ ተናደድኩ። ቁልፉን ወርውሬ የጎረቤት ውሻ ልገድል ነበር። እንደ ሰው መናደዴ ራሱ ገረመኝ። ሞተሩን አጥፍቼ ተቀመጥኩና አሰብኩ። ያኛው ጩኸት ሁሉን ሸፍኖት ነበር፣ አሁን እሱ ሲጠፋ የተደበቀው ተሰማ። ኮምፕሬሰሩን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ብረት ላይ አንዱ ቡሎን ላልቶ ቆይቷል። ምናልባት እሱ ላልቶ ነው ቺንጋው ተጣሞ ኩሽኔታውን የበላው። አጠበቅኩት፣ ሥሩ ሮንዴላ ጨመርኩ።

አስነሳሁ።

ምንም። የሞተሩ ትንፋሽ ብቻ። አስካለ ከቤት ወጥታ፣ "ጠፋች እንዴ?" አለችኝ። "አልጠፋችም፣ እየሠራች ነው" አልኳት። እጇን ኮፈኑ ላይ አድርጋ መንቀጥቀጡን አየችና "በስመ አብ" አለች።

እኔ በዚያች ሰዓት ፈገግ ብዬ ዞር አልኩ። "ለማ፣ ስማ!" ልል። ከኋላዬ የነበረው አጥሩ ነው። አስካለ አይታኛለች፣ ካቻቢቴውን ከእጄ ወስዳ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው።

ሰኞ፣ ኅዳር ፳፩፣ ማርያም

ባሻን ይዤ ወጣሁ። ዳገቱን በጭነት ልሞክራት ፈልጌ ነበር፤ ደግሞም ተጠርተናል፣ ካልሄድን ይጠረጥራሉ። መኪናዋ እንደ ሐር ወጣች። እንጨት ተሸካሚዎቹ ከኋላቸው ስንደርስ ሳይሰሙን ቀርተው ደንግጠው ዳር ያዙ። ባሻ "ተሳካ፣ ተሳካ" እያሉ ጭኔን መቱኝ። ደግሞ ወዲያው አፈሩ። ምኑ ነው የተሳካው?

እማማ በለጡ ግቢው ውስጥ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ዳቦ ይቆርሱ ነበር። አልሰሙንም። እኔ ሳስል ነው የዞሩት። መጀመሪያ እኔን አዩ፣ ከዚያ ከትከሻዬ በላይ መኪናዋን አዩ። ቆይተው አዩዋት።

"ዳነች?"

"ዳነች፣ እማማ።"

"ደግ። እሰይ። ግቡ፣ ብርዱ አያግኛችሁ።"

ቄሱ ጸሎት አደረሱ፣ ጽዋው ዞረ፣ ማኅበርተኞቹ በሉ ጠጡ። እማማ በለጡ ወገባቸውን ታጥቀው ሲያሳልፉ፣ ሲቀልዱ፣ "ብሉ እንጂ፣ እንደ ንፉግ አታስቆጥሩኝ" ሲሉ ዋሉ። አንዷ ባልቴት፣ "የለማን ሠርግ ደግሞ እንዲህ ያብላን" ብላ መረቀች። "አሜን" አሉ እማማ በለጡ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነበር። ባሻ ዋንጫቸው ውስጥ አቀርቅረው ቀሩ። እኔ ዳቦዬን ሳልበላ ይዤ ተቀመጥኩ። እማማ በለጡ መጥተው ጠላዬን ሞሉልኝ፣ "ጠጣ ልጄ፣ ከስተሃል" አሉኝ። እጃቸውን አናቴ ላይ አድርገው ትንሽ ቆሙ።

ማኅበሩን ቀጥላ የምትረከበው ሴትዮ ጽዋውን ስትቀበል፣ እማማ በለጡ "በሚመጣው ማርያም ብቀር እንዳትቀየሙኝ" አሏት። ሴትዮዋ ሳቀች፣ ምን ያስቀርዎታል አለች። ደክሟቸው መሰለኝ።

በቁልቁለቱ ባሻ፣ "ምንም አላወቀችም፣ እግዜር ይመስገን" አሉኝ። እሺ አልኩ። ነገ የምንለውን ቃል ደጋገሙት። አዳመጥኳቸው። ስለ ሌላ ሰው ልጅ የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፳፪

ይህን የምጽፈው እማማ በለጡ ግቢ፣ ከድንኳኑ ጀርባ ተቀምጬ ነው። አስካለ ቤት ደርሳ የምለብሰው ስታመጣልኝ ደብተሬንም ይዛልኝ መጣች። ሰዓቱ ከሰዓት በኋላ ነው።

ጎህ ሲቀድ ወጣን። ባሻ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ አስካለና እኔ። መኪናዋ ትንፍሽ አላለችም። ከላይ ውሻ እንኳ አልጮኸም። ከበሩ ራቅ አድርጌ አቆምኳት። ባሻን ደግፈን በቀስታ ሄድን። በሩን ልናንኳኳ ስንል ክፍት ነው።

እማማ በለጡ ደፉ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ፊታቸው ታጥቧል።

ባሻ ደነገጡ፣ ግን ያጠኑትን ጀመሩ። "በለጡ እህቴ፣ እግዚአብሔር የሰጠውን ሲወስድ..."

"ደምሴ፣ አትድከም። ልጄ የት ነው የተቀበረው?"

እማማ በለጡ ወደ እኔ አዩ። "ቅዳሜ ነው ያወቅኩት። ባለ አህያው መኪናዋ እየተሠራች ነው ሲለኝ። ለማ ሳይመጣ ላትነካት እኔ ፊት ቃል ገብተህ የለ? አንተ ቃልህን የምታፈርስ ልጅ አይደለህም። ትናንት መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ደጄ ስትቆም ቁርጡን አወቅኩ። ለኔ ስትሉ ነው ዝም ያሰኛችኋት። እኔስ ምን ላድርግ? ጾማቸውን ይዘው ዳገት የወጡ ማኅበርተኞቼን በለቅሶ ልመልሳቸው? እመቤቴ እንድታስችለኝ ለመንኳት፣ አስቻለችኝ።"

ከዚያ ጮኹ። "ለማዬ! አንድዬ!" አስካለና አንዲት ጎረቤት ያዟቸው። ግቢው ሞላ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። ትናንት ዳቦ የበሉት ሁሉ ተመልሰው መጡ፣ ያቺ ስለ ሠርግ የመረቀችዋ ባልቴት መሬት ላይ ተንከባለለች።

እኔ ወጥቼ መኪናዋ አጠገብ ቆምኩ። ኮፈኑን ከፈትኩ። ምን ልፈልግ እንደሆነ አላውቅም። ቡሎኑን ነካሁት፣ ጠብቋል። እንደገና ነካሁት። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ቡሎን እነካለሁ። ራሴን ጠላሁ። ይህ ሰው ነው ወይስ ድንጋይ ብዬ ጠላሁት።

ረፋድ ላይ ለቅሶው በረድ ሲል ከውስጥ "ግዛው የታለ?" የሚል ድምፅ ሰማሁ። እማማ በለጡ ናቸው። ገባሁ። አጠገባቸው መሬት ላይ አስቀመጡኝ።

"አንተንስ ማን አረዳህ?"

አልገባኝም። "ምን አሉ እማማ?"

"ለማ መሞቱን ማን ነገረህ ነው የምልህ።"

"አንድ ሾፌር። ቤንዚን ማደያው ላይ።"

"ቆመህ?"

"ቆሜ።"

"ማን ያዘህ?"

"ማንም።"

"ከዚያስ?"

"ሥራ ሄድኩ።"

እማማ በለጡ ወደ ወንድማቸው ዞሩ። "ደምሴ፣ ይህ ልጅ መርዶ አልደረሰውም። አርዱት።"

ባሻ ግራ ገባቸው። "ሳምንት ሙሉ ሲያውቅ የከረመ ሰው! ምን ብለን?"

"እንደ ወንድም ነው እንጂ እንደ መንገደኛ ነው የሚነገረው? አርዱት አልኩ!"

ሽማግሌዎቹ ተነሱ። ሁለቱ ግራና ቀኜ ተቀምጠው ክንዴን ያዙኝ። አስካለ ከኋላዬ ቆመች። ባሻ በዚያ ዳሌያቸው ተቸግረው ፊት ለፊቴ ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ትናንት በቁልቁለቱ ሲደጋግሙት የነበረውን ቃል አልተናገሩም። እንዲህ ብቻ አሉ፦ "ልጃችን ግዛው፣ በርታ። ወንድምህ ለማ ዐርፏል።"

ወንድምህ አሉኝ።

ከዚያ የሆነውን በደንብ አላውቀውም። ጮኼያለሁ። አስካለ እስከ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሰምቷል ትላለች። ክንዴን የያዙኝ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ግንባሬን ከመሬት አጋጭቼው ነበር። አብረን የሰረቅነውን ኮክ ሁሉ እየጠራሁ አልቅሻለሁ አሉኝ። እማማ በለጡ ጭንቅላቴን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ "እንዲህ ነው፣ እንዲህ ነው ልጄ፣ አውጣው" ሲሉኝ ይሰማኝ ነበር።

አሁን ዓይኔ አብጧል። እጄ፣ ዓርብ የተላጠው፣ ያመኛል፤ ዛሬ ገና ነው ያመመኝ። እስከ ሠልስቱ እዚሁ ነኝ። ኦቦ ቱፋ ዱቄት በሦስት አህያ ጭነው መጥተዋል። ሰው እየገባ ነው። ቅድም አንድ የማላውቃቸው አዛውንት እማማ በለጡን ካጽናኑ በኋላ ቀጥታ ወደ እኔ መጥተው፣ "እግዜር ያጽናህ" አሉኝ።

"አሜን" አልኳቸው። ከዘመዶቹ ጋር ተቀመጥኩ።